ለእህቴ የመረጥኩት አሰልጣኝ

እህቴ ከሂሳብ ሙያ ፈተናዎቿ የቀራት አንድ ብቻ ነበር። አንድ! ሌሎቹን አንዳንዱን በመጀመሪያው፣ አንዳንዱን ወድቃ ተነስታ አልፋቸዋለች። ችግሩ፣ ፈተናውን የሚያወጡት የውጭ አገር ሰዎች ለመጨረሻው ደረጃ የዓመታት ገደብ አበጅተውለታል። በገደቡ ውስጥ ያልጨረሰ ሰው የዚያ ደረጃ ፈተናዎቹ በሙሉ ይሰረዙበትና እንደ አዲስ ይጀምራል። እህቴ የመጨረሻዋን ወረቀት ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወድቃለች። ገደቡ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ መቀመጥ ትችላለች።

በዚያ ላይ የምትሠራበት ቡና አቅራቢ ድርጅት አለ። ለዓመታት «ተጠባባቂ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ» እያለ ሲያሠራት ኖሮ፣ ድንገት ብድግ ብሎ ኃላፊ የሚሆነው የምስክር ወረቀቱ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚል ደንብ አወጣ። «እስከዚህ ፈተና ድረስ እንጠብቅሻለን» አሏት። ደግነታቸው እዚያ ድረስ ነበር። ካለፈች ወንበሩ የእሷ ነው፤ ካላለፈች ወንበሩም ሄደ፣ ያለፈቻቸው ፈተናዎችም ሄዱ።

እኔ ታላቋ ነኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጅ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ አስተምራለሁ። በቤታችን ቁጥርና እንግሊዝኛ ያለበት ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ የመብራቱ ደረሰኝ፣ የሐኪሙ ማዘዣ፣ የቀበሌው ቅጽ። እናታችን ለጎረቤት ሲያወሩ «እሷ ከመረመረችው አለቀ» ይላሉ። ማንም የማያነሳው ነገር ቢኖር፣ እኔ ራሴ ለዚህ ፈተና አንድ ጊዜ ተመዝግቤ፣ ቀኑ ሲደርስ ልጄ ታሟል ብዬ መቅረቴን ነው። ልጄን ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ውሸት አይደለም። ግን ጉንፋን ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከቦሳ አዲስ ጅሬን ድረስ በባጃጅ መጣች። እሷ ከእናታችን ጋር ቦሳ አዲስ ነው የምትኖረው፣ እኔ ደግሞ ጅሬን ዳገቱ ላይ። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ ለዚህ ፈተና የሚያዘጋጁ ሦስት አሰልጣኞች አሉ። ሁሉም ኦንላይን ነው የሚያስተምሩት። ማስታወቂያቸውን አየሁ አየሁና ግራ ገባኝ፤ ሁሉም እውነት ይመስሉኛል። አንቺ ምረጪልኝ።»

«የምትማሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ሁለት ጊዜ ብቻዬን አጥንቼ ወደቅኩ። አሁን በራሴ አላምንም፣ ወላሂ። አንቺ ያልሽኝ ጋ እገባለሁ።»

ይህች እህቴ ቡና አስጭኖ የመጣን ደላላ ዓይን ዓይኑን አይታ «ሂድና እንደገና አስመዝነህ ና» የምትል ሴት ናት። የመጋዘን ወንዶች ድምፅዋን ሲሰሙ ሲጋራቸውን ይጥላሉ። እሷ እንዲህ አንገቷን ደፍታ ስትለምነኝ አንጀቴን በላችው። እሺ አልኳት።

ሳምንቱን ሙሉ ማስታወቂያ ስመለከት ከረምኩ። እነዚህ ድርጅቶች ስለ ትምህርታቸው የሚሉት ጥቂት ነው፤ ስለ መሥራቻቸው ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይተርኩልናል። መሥራቹ የግድ መውደቅ አለበት፤ አንዴ ብቻ ወድቆ ያለፈ መሥራች እስከዛሬ አላጋጠመኝም። የግድ አንድ ዘመድ «ይሄ ላንተ አይሆንም» ብሎት መሆን አለበት። የግድ በኩራዝ አጥንቷል፤ አዲስ አበባ መሃል ተወልዶ ያደገው እንኳ ኩራዙን ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቀው። ከዚያ አንድ ቀን ውጤት ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ «እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ስልኩ ላይ «እንዴት?» ብዬ እጮሃለሁ። ባለቤቴ ከወዲያ ክፍል ከማን ጋር እንደምጣላ ይጠይቀኛል።

እኔ የሠንጠረዥ ሰው ነኝ። ከልጄ የሂሳብ ደብተር ላይ ባለ ካሬ ገጽ ገንጥዬ ዓምዶች አሰመርኩ። ማን ያስተምራል? ስንት የሙከራ ፈተና ይሰጣል? ተማሪው ሲወድቅ ምን ያደርጋሉ? ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበር እሱን ተውኩት። ከሁሉም ዋናው ዓምድ ግን «የጻፈችውን ማን ያነብላታል?» የሚለው ነበር።

ምክንያቱም የእህቴ ችግር እውቀት አይደለም። ይህ የመጨረሻው ፈተና ስሌት ብቻ ሳይሆን ጽሑፍም ይጠይቃል፤ የአንድ ድርጅት ታሪክ ይሰጥና ለድርጅቱ አለቃ ምክር ጻፉ ይላል። እህቴ የምታውቀውን ሁሉ ትጽፋለች። አለቃው የጠየቃት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ሰባት ነገር ዘርዝራ ታስረዳዋለች፤ ሰዓቱ ያልቃል፣ የመጨረሻው ጥያቄ ባዶ ይቀራል። ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው እንዲህ ነው። የሚያስፈልጋት መልሷን ቁጭ ብሎ አንብቦ «ይሄ አልተጠየቅሽም፣ ሰርዢው» የሚላት ሰው ነበር። እኔ ያ ሰው ልሆንላት አልችልም፤ ትምህርቱ ከእኔ በላይ ነው።

የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሱፍ ለብሶ መኪና ተደግፎ የሚታይ ሰው ነው። ትልቅ ደሞዝ ትቶ ወገኑን ሊያስተምር እንደመጣ ይናገራል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችውን ልጅ «የልምምድ መልሶችን ማን ነው የሚያርመው?» ስላት «ሲስተሙ» አለችኝ። ሲስተሙ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቃት ተቆጥታ ዘጋችብኝ። እሱን ሰረዝኩት።

ሁለተኛው ታሪክ የሚባል ነገር የለውም። ቻናሉ ላይ የመሥራቹ ፎቶ እንኳ የለም። ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው፤ የሚለጥፉት የተማሪ መልስ ብቻ ነው፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ተተልትሎ። ራሳቸው ናቸው ስልክ ያነሱት። ድምፃቸው ደረቅ ያለ ነው።

«ስንት ተማሪ አልፎልዎታል?» አልኳቸው።

«የወደቁብኝን ልንገርሽ። የማስታውሰው እነሱን ነው» አሉና ማን በምን ምክንያት እንደወደቀ አንድ በአንድ ያስረዱኝ ጀመር። ብዙዎቹ የወደቁት ያልተጠየቁትን እየጻፉ ነበር። እህቴን ሳያውቋት ስለ እህቴ ነበር የሚያወሩት።

«ስንት ሰው ይቀበላሉ?»

«አንብቤ ልጨርስለት የምችለውን ያህል።»

ሦስተኛው ልጃችን ነው። ልጃችን የምለው እኔ ሳልሆን ማስታወቂያው ራሱ ነው፤ «ከሰቃ ገጠር የተነሳ የቡና ለቃሚ ልጅ» ይላል። አባቱ ዓይነ ስውር ነበሩ። አንድ ቀን ቡናቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ ነጋዴዎቹ እንዳያታልሏቸው ሚዛኑን ያነበበላቸው እሱ ነው፤ ከቁጥር ጋር የተዋወቀው እንዲያ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ የሆነውም በዚያው ነው። አራት ጊዜ ወድቆ አልፏል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት በዚህኛው ነበር፤ ዓይነ ስውር አባት፣ ቡና፣ ሚዛን፣ ሁሉም ተሟልቶ። ቢሮው ስደውል የልምምድ መልስ «ቡድናችን» ያርማል አሉኝ፤ ስንት ሰው አለፈ ስላቸው «ብዙ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። በሠንጠረዤ ላይ የእሱ ረድፍ ባዶ ባዶውን ነበር። ሠንጠረዡ ጡረተኛውን ኦዲተር መረጠ፤ ምንም የሚያከራክር ነገር አልነበረውም።

ለእናታችን ነገሩን ላስረዳ ስሄድ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኚያ ሽማግሌ የማን ልጅ ናቸው?» አሉኝ።

«አላውቅም እማዬ።»

«አገራቸውስ?»

«አልጠየቅኩም።»

እናቴ ጤናዬን የተጠራጠሩ ይመስል አዩኝ። «አላህ! ልጄን ለማያውቁት ሰው ልትሰጪ ነው?»

በእኛ ቤት ሰው የሚመረመረው እንዲህ ነው። ጋብቻ ሲመጣ ሰውየው ምን ይሠራል ከመባሉ በፊት የማን ልጅ ነው ይባላል። እኔ ስታጭ አክስቴ ሁለት ከተማ ተመላልሰው የባለቤቴን አያት ጎረቤቶች ጠይቀው ነው እሺ የተባለው። ቤት ስናከራይ እንጠይቃለን፤ ልጅ ቁርዓን ልናስቀራ ስንልክ እንጠይቃለን። በዚህ አላፍርም። ብዙ ጊዜ ከጉድ አውጥቶናል፣ እኔንም ደህና ባል አግኝቶልኛል።

«ያኛው ልጅ ሰቃ ነው ያልሽው» አሉ እናቴ። «ሰቃ እኮ እዚሁ ነው። ሂጂና ጠይቂ። እውነት ልጃችን ከሆነ እኛን አይጥለንም። ዋሽቶም ከሆነ ይታወቃል።»

እኔን ያነሳሳኝ የመጨረሻው ነው። ልጠይቅ ሳይሆን ላጋልጥ ነው የተነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነበር የሄድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሰቃ ወረድኩ። የቡና ወቅት ስለሆነ መንገዱ ዳርና ዳር ከነገለባው ያለ ጀንፈል ቡና ተሰጥቷል፤ ሾፌሩ ጎማውን እንዳያሳርፍበት ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ገበያው ጥግ ላይ ቡና ከሚገዛ አንድ ነጋዴ ጋ ሄጄ የልጁን ማስታወቂያ በስልኬ አሳየሁት።

«እሱን ነው? ኢልማ ኬኛ!» አለ ፊቱ በርቶ። የኛ ልጅ ማለቱ ነው። ከዚያ ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «አባትየው ዓይናቸው አያይም። ሚዛኑን የሚያነብላቸው እሱ ነበር፣ እዚሁ እኔ ሱቅ፣ ያኔ ሱቁ የአባቴ ነበር። ወላሂ፣ አባቴ ያንን ልጅ ይፈራው ነበር።»

ሳቄ እዚያው ቆመ። ነጋዴው በሞተር የሚወስደኝ ሰው ጠራልኝና ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

አባትየው ቤታቸው ፊት ለፊት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ የተበላሸውን ፍሬ በጣታቸው እየዳሰሱ ለቅመው ይጥላሉ። አንድም አይስቱም። ሰላምታ ተለዋወጥን። አስተማሪ መሆኔንና የመጣሁት እህቴን ልጃቸው ጋ ላስገባ አስቤ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሚዛኑን ነገር ሳነሳባቸው ፈገግ አሉ።

«እሱ አንድ ቀን ያደረገው አስመስሎ ነው የሚያወራው አሉኝ፤ ያፍራል» አሉ። «በየሳምንቱ ነበር እኮ። ትምህርት ቤት እየቀረ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ማስታወቂያው አጋንኖ ይሆናል ብዬ የመጣሁት እኔ፣ ልጁ ታሪኩን አሳንሶ እንደነገረን ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። ሽማግሌው ጣታቸውን ከቡናው ላይ አነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም አስተማሪ ነሽ። እኔ ልጄ ሲያስተምር ሰምቼው አላውቅም፤ እንግሊዝኛ ነው። እንዴት ነው ትምህርቱ? ጋሪ ነው?» አሉኝ፤ ጥሩ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ሠንጠረዡ ከነባዶ ረድፉ ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። እኚህ ሰው ግን የሚጠይቁኝ ስለ ልጃቸው ነበር።

«በጣም ጥሩ ነው አባ፣ ማሻአላህ» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ለእህቴ ዱዓ አደረጉ። እኔም አሚን አልኩ።

በሚኒባስ ስመለስ ምን እንደነካኝ እስከዛሬ አስባለሁ። ውሸታም ብዬ የሄድኩበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የበደልኩት መሰለኝ፤ የበደልኩትን ደግሞ መካስ ነበረብኝ። ካሳውን ከኔ ኪስ ብከፍለው ምን ነበረበት? የከፈልኩት በእህቴ ፈተና ነው። ስለ ሰውየው ያልጠየቅኩት ነገር የለም፤ ስለ ትምህርቱ ያወቅኩት ግን ከመሄዴ በፊት ከማውቀው አንዲት ነገር አልጨመረም። ይህንን ያኔ አላየሁትም። ያየሁት እነዚያን ጣቶች ነበር።

ማታ እህቴ ደወለች። «እሺ፣ ምን ተገኘ?»

«መርምሬያለሁ። ልጃችን ይሻላል» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችም። «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ» አለች። ስልኩን ነጥቀው እናቴ መረቁኝ። ሠንጠረዡን አላሳየኋትም።

ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከመግሪብ በኋላ ነበር። እህቴ ስልኳን የውሃ ጆግ ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች፤ እናቴ ቋንቋው ባይገባቸውም ጎኗ ሆነው ይሰማሉ፣ ልጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ጎበዝ» ይላሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ታሪኩን ተናገረ። በሁለተኛው ሳምንት እሱ ጋ ተምረው ያለፉ ሰዎች እያለቀሱ መሰከሩ። ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መጥፎ አስተማሪ አልነበረም፤ ያስረዳል፣ ያስቃል። ግን እህቴ የምታውቀውን ነበር የሚያስረዳት። የምታውቀውን ሰው ደግሞ ሲነግራት ደስ ይላት ነበር።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ የታረመውን የልምምድ መልሷን አሳይኝ አልኳት። አስራ አንድ ገጽ ጽፋለች። ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፤ አንድ የተሰረዘ መስመር የለም። መጨረሻው ላይ «ጀግና ነሽ! ትችያለሽ!» የሚል አለ፣ ከጡንቻ ምስል ጋር።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ጥሩ ነው ማለቱ እኮ ነው እትዬ» አለች። ፊቷ ወገግ ብሏል። ሁለቴ ከወደቀች ወዲህ ይህንን ፊቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

በማግስቱ ከኮሌጁ ግቢ ሆኜ ለልጁ ደወልኩለት። ማንነቴን ስነግረው ጮኸ። «እህታችን! አባቴ ነግረውኛል እኮ፣ ቤታችን ድረስ ሄደሽ! እስካሁን ያነሱሻል።» ለጠብ ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ተውኩት። የእህቴን መልሶች ጠበቅ አድርጎ የሚያርምላት ሰው ይኖር እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «እኛን የሚጥለን እውቀት አይደለም። እኔ አራት ጊዜ የወደቅኩት አንድ ሰው ትችላለህ ስላላለኝ ነው። ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ የማንንም ልጅ ወረቀት በቀይ አላሰምርም።»

ከልቡ ነው የተናገረው። ሊያታልለኝ ቢሞክር ቁጣዬ ነበረልኝ፤ በቁጣዬ አንድ ነገር አደርግ ነበር። ይህ ሰው ግን የሚያምንበትን ነበር የሚሸጠው። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወደ ጡረተኛው ኦዲተር ደወልኩ። ሞልቷል አሉኝ።

«አንዲት ሰው ብቻ ናት። እባክዎ።»

«ልጄ፣ እሺ ብል አላነብላትም። የያዝኳቸው ወረቀቶች ራሳቸው በዝተውብኛል። ሳላነብ ብቀበላት ምን እጠቅማታለሁ?» ቀጠሉና «ድምፅሽን አውቄዋለሁ። ያኔ ገና ቦታ እያለ ደውለሽ ነበር። ምነው ቀረሽ?» አሉኝ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞን ነው» አልኩ።

ራሴ ላርምላት ሞከርኩ። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ እሑድ እሑድ ቦሳ አዲስ እየሄድኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ አንቀጽ አልተጠየቀም ብዬ ሰረዝኩባት። መጽሐፉን ገልጣ እንደሚፈለግ አሳየችኝ፤ እውነቷን ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ገጽ በዝቷል ስላት «ሰውየው ጥሩ ነው ብሎኛል፣ አንቺ ደግሞ ይሄን ደረጃ አልተማርሽውም እትዬ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። በምን አፌ ልከራከራት? እየበዛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደበዛ ግን አላውቅም። እስክሪብቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ልብስ አጠብኩላት፣ እራት ሠራሁላት። የምችለው እሱን ስለነበር።

ለፈተናው አዲስ አበባ ሄደች። መናኸሪያ ሸኘናት። እናቴ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆዩ። በነጋታው ከሰዓት ደወልኩላት።

«እንዴት ነበር?»

«የማውቀውን ሁሉ ጻፍኩ እትዬ» አለች፣ በደስታ። «መጨረሻው ላይ ሰዓት አጠረኝ እንጂ።»

ሌላ አልጠየቅኳትም።

ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩትን ሳምንታት ሥራዬን በአግባቡ አልሠራሁም። ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ሦስቴ ይጠይቁኛል። እህቴ ግን ቀላል ሆና ነበር፤ ቢሮዋን አጸዳች፣ የመዝገብ መደርደሪያውን አስቀየረች፣ «ቋሚ ስሆን» እያለች ታወራ ነበር። እናቴም አብረው ይላሉ። እኔ ኢንሻአላህ እያልኩ ዓይኔን ከዓይናቸው አሸሽ ነበር።

ውጤቱ በሥራ ሰዓት ነው የመጣው። «እትዬ፣ ነይ» ብላ ብቻ ዘጋችው። ስደርስ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ስልኳን ደፍታዋለች። በጥቂት ነጥብ ነው የወደቀችው። በጥቂት መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ገደቡ አልቋል፣ የደረጃው ፈተናዎች ሁሉ ተሰርዘዋል። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ አዲስ ኃላፊ አመጣ። እህቴ ራሷ የደረደረችውን መዝገብ ራሷ አስረከበችው፤ የትኛው ቁልፍ የየትኛው መሳቢያ እንደሆነ ሳይቀር ጽፋ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ በዚያው ክፍል ከሰውየው ሥር መሥራቷን ቀጠለች።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጁ ዋሽቶን ኖሯል ማለት ነው?»

«አልዋሸም እማዬ።»

«እንግዲያ የአላህ ፈቃድ ነው» አሉ። ለልጁም ለአባቱም ያደርጉት የነበረውን ዱዓ አላቋረጡም።

እህቴ ለብዙ ቀን አልተናገረችም፤ ትሠራለች፣ ትመጣለች፣ ትተኛለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦሳ አዲስ ግቢያቸው ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ነው አፏን የከፈተችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳይከፋሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«ስትመርጪልኝ በደንብ መርምረሽ ነበር አይደል? እንደ ልማድሽ፣ ሁሉንም አወዳድረሽ?»

«አዎ» አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«እና እሱ በለጠ?»

ልነግራት ነበር። አላህ ያውቃል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን አንድ ነገር የሙጥኝ ብላ ይዛ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ብነግራት ምን እንደሚቀራት አላወቅኩም። ፈራሁ። ስለ እሷ ፈርቼ እንደሆነ ስለ ራሴ፣ ዛሬም መለየት አልችልም።

«በለጠ» አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ደህና። እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «የኔ ከሆነ ደግሞ ላስተካክለው እችላለሁ። ስፈራ የነበረው የኔ ባይሆንስ ብዬ ነው።»

ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋ ያ የመጋዘን ድምፅዋ ሆኗል።

«ከደረጃው መጀመሪያ እነሳለሁ። እዚያው እሱ ጋ። ዛሬ ምዝገባ ከፍቷል።»

«ሌሎችም እኮ አሉ...» አልኩ። ድምፄን እኔም በቅጡ አልሰማሁትም።

«አንቺ መርምረሽ የጣልሻቸው ጋ ልሂድ?» ብላ ሳቀች። ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሻርፕዋን አስተካክላ ነጩ ግድግዳ ፊት ቆመችና ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ ለመመዝገቢያው ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል።

«ደህና አድርገሽ አንሺኝ» አለች።

አነሳኋት።